ያላረገዘችው ልጅስ?

ለሌላ ጉዳይ ሄጄ በምዕራብ ጎጃም በአንዲት የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት ምራታቸውን አስከትለው ገቡ። ልጅቱ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በጣቶቿ ላይ የሰርጉ እንሶስላ ገና አልለቀቀም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካርድ አውጥታ «ዕድሜ?» ስትል ልጅቱ ቀና አላለችም፤ አማቲቱ ናቸው «ዐሥራ ስምንት» ብለው የመለሱት። ተጻፈ። ሠራተኛዋ መርፌውን እያዘጋጀች፣ ቶሎ መውለዱን ለምን እንዳልፈለጉት በጨዋታ መሐል ጠየቀቻቸው። እናትዬዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ገና ለጋ ናት እኮ፤ ሰውነቷ እስኪጠና ነው» አሉ።

በሁለቱ መልሶች መካከል አምስት ደቂቃ እንኳ አላለፈም። እውነቱ ያለው በሁለተኛው ነው፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው ግን የመጀመሪያው ነው። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅ መሆኗን እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ አብልጠው ያውቁታል፤ ሁለት ሰዓት በእግር ይዘዋት የመጡትም የልጅ ሆድ ልጅ እንደማይሸከም ስለሚያውቁ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ተወጋች፣ የቀጠሮው ቀን ተጻፈላት፣ ወጡ።

በዚያ ዓመት በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን እርግዝና የሚቆጥር ባለሙያ ወደዚያች ቀበሌ ቢመጣ ኖሮ፣ ያቺ ልጅ የምትመዘገበው በደህናዎቹ ተርታ ነበር። አላረገዘችም፣ አልወለደችም። የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚ ስለሆነች እንዲያውም ለሌላ መልካም ሪፖርት ግብዓት ትሆናለች። ከትምህርት መውጣቷን፣ ያላወቀችው ሰው ሚስት መሆኗን፣ ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው የሚጠይቅ አምድ በዚያ መዝገብ ላይ የለም።

የምከራከረው በጤና ቢሮ ሪፖርት፣ በተራድኦ ድርጅቶች ዕቅድ፣ በስልጠና አዳራሽና በሬዲዮ ውይይት ከሰፈነ አንድ አስተሳሰብ ጋር ነው። አስተሳሰቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሴቶች የሚያረግዙትና የሚወልዱት ቁጥር የልጆች ደህንነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከወረደ ልጆቻችን ደህና ናቸው፣ ከወጣ ደግሞ ልጆቹ ተበላሽተዋል። እኔ የምለው፣ ይህ መለኪያ የልጅቷን ሆድ እንጂ ልጅቷን አያይም። ሆዷን ብቻ ስለሚያይም፣ ጉዳቱን ያደረሰባትን ሰው ከነጭራሹ ከሒሳቡ ያወጣዋል።

አስተሳሰቡ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የ21 ሀብታም አገሮችን ልጆች ደህንነት የሚያነጻጽር ሪፖርት አወጣ። ኔዘርላንድስ አንደኛ ወጣች፣ እንግሊዝና አሜሪካ መጨረሻ ላይ ተሰለፉ፤ በእንግሊዝ ጋዜጦች ብዙ ተባለበት። ሪፖርቱ የልጆችን ደህንነት በስድስት ዘርፍ ከፍሎ ነበር፤ ኑሮ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ያለ ግንኙነት፣ «ባህርይና አደጋ»፣ የልጆቹ የራሳቸው ስሜት። የዐሥራዎቹ ዕድሜ ወሊድ የተመደበው የት ነው? በጤናው ሥር አይደለም፤ በኑሮውም ሥር አይደለም። «ባህርይና አደጋ» በሚለው ሥር፣ ከሲጋራ ማጨስ፣ ከስካር፣ ከካናቢስ ጎን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሲጋራ የሚያጨስ ልጅ ሲጋራውን ራሱ ለኩሶታል። የሰከረውም መጠጡን ራሱ አንስቶ ጠጥቷል። እርግዝና ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር አይደለም፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲሆን ደግሞ ሌላው ወገን ብዙ ጊዜ በዕድሜም፣ በገንዘብም፣ በጉልበትም የሚበልጣት ነው። ያንን ሰው ትቶ የልጅቷን እርግዝና «ባህርይ» ብሎ የሚመድብ መለኪያ፣ ገና መቁጠር ሳይጀምር ፍርዱን ሰጥቷል። ሪፖርቱ ስለ ሀብታም አገሮች ነበር፤ አስተያየቱ ግን ድንበር አልገደበውም። እኛ ዘንድ ሲደርስ «የዘመኑ ልጆች ባለጉ» ከሚለው የሰፈር ወቀሳ ጋር ያለ ችግር ገጠመ።

የአሜሪካ ታሪክ ራሱ የመለኪያውን ድክመት ያጋልጣል። በዚያ አገር ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሴቶች ወሊድ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከ1,000 ልጆች 96 ያህሉ ወልደዋል። በዚያ ዘመን ግን አገር ተበላሸ ብሎ የጮኸ አልነበረም። አብዛኞቹ ባል ነበራቸውና። ጩኸቱ የተነሣው ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ፣ ቁጥሩ እየወረደ ሳለ ነው፤ ምክንያቱም ከወላዶቹ መካከል ያላገቡት ድርሻ እየጨመረ ሄዶ ነበር። ቁጥሩ ወርዶ ጩኸቱ ከወጣ፣ ሲያስጨንቅ የነበረው የልጆቹ ደህንነት ነው ማለት ይቻላል? ያስጨነቀው የቀለበቱ አለመኖር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ከ1,000 ወደ 62 ደርሶ የነበረው በ2022 ዓ.ም. ወደ 14 ዝቅ ብሏል። መለኪያው እውነተኛ ቢሆን የአሜሪካ ልጃገረዶች ዛሬ ከእናቶቻቸው በአራት እጥፍ ደህና መሆን ነበረባቸው። የዚያው አገር የበሽታ መከላከያ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቆ ያገኘው ግን ከልጃገረዶቹ 57 በመቶው የማይለቅ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ እንደሚሰማቸው ነው፤ ከዐሥር ዓመት በፊት 36 በመቶ ነበር። በዚያ አገር ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ አላረገዘችም፤ ክፍሏን ዘግታ ግን ታለቅሳለች።

ወደ አገራችን እንመለስ። ለዓመታት በብዛት ሲጠቀስ የቆየው በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶው ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። በአፋር 23 በመቶ፣ በሶማሌ 19 በመቶ፣ በኦሮሚያ 17 በመቶ ሲሆን በአዲስ አበባ 3 በመቶ ነው። በአማራ ክልልስ? 8 በመቶ። ከአዲስ አበባ በስተቀር ከአገሪቱ ሁሉ ዝቅተኛው ይህ ነው።

አማራ ክልል ሴቶች በለጋ ዕድሜ በመዳር ከአገሪቱ ቀዳሚ መሆኑን ግን ይኸው ጥናት ይመሰክራል። መቼም ጎጃምንና ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመስማት ጥናት አያስፈልገውም። እንግዲህ ልጆቿን ቀድማ የምትድረው ምድር በወሊድ ቁጥር ከምስጉኖቹ ተርታ ተሰለፈች። እርግጥ የጋብቻው ዕድሜ የሚሰላው በእናቶች ትውልድ ነው፣ የእርግዝናው ቁጥር ደግሞ በልጆቹ፤ በመካከላቸው የተለወጠ ነገር እንዳለ አልክድም። ይሁን እንጂ ከሃያ እስከ ሃያ አራት ዓመት ያሉትን ወጣቶች ብቻ ብንወስድ እንኳ በአገር ደረጃ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላቸው የተዳሩት 40 በመቶ ናቸው፤ ዐሥራ አምስት ሳይሞላቸው የተዳሩት 14 በመቶ። በጋብቻውና በወሊዱ ቁጥሮች መካከል፣ በጋብቻው ተቆጥረው በወሊዱ የማይታዩ ብዙ ሕፃናት አሉ።

የት ነው ያሉት? አንዳንዶቹን ጤና ኬላው በር ላይ አይቻቸዋለሁ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ካገቡ ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 47 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ከፍተኛው። ሌሎቹ አማታቸው ቤት «እንደ ልጅ ትደግ» ተብለው የተወሰዱ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በዓመታቸው ፈትተው፣ ወይም በሌሊት ጠፍተው፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥረው እንጀራ የሚጋግሩ ናቸው። የዐሥራ አምስት ዓመት ፈት ልጅ ስላልወለደች ከመለኪያው ውጪ ናት። ከተማ ገብታ በአሠሪዋ ወንድም ብታረግዝና ወደ አገሯ ብትመለስ ደግሞ የምትቆጠረው በገጠሩ ነው፤ ከተማዋ በ3 በመቶዋ ትመሰገናለች።

ደግሞ ጥናቱ የሚያነጋግረው ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላቸውን ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ የሆነች ሚስት አትጠየቅም። ዕድሜ ራሱ ምን ያህል ይታወቃል? በዚያ ጥናት ወቅት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበር፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ዕድሜ የምንለው እንግዲህ አማቲቱ የተናገሩት ነው። «ዐሥራ ስምንት።»

አሁን ደግሞ ያረገዘችዋን እንይ። ሁለት ልጆችን አስቡ፤ አንድ ሰፈር፣ ሁለቱም ዐሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ ሁለቱም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር። አንደኛዋ በጥር ተድራለች። ስትወልድ እልል ይባልላታል፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ እናቷ ቅቤ ይዛ ትመጣለች። ሁለተኛዋ ባል የላትም። እናቷ ፊቷን ታዞርባታለች፣ አባቷ ከቤት ያስወጣታል፣ ልጇ ገና ሳይወለድ «ዲቃላ» የሚል ስም ይጠብቀዋል። አካላቸው አንድ ነው፣ ምጣቸው አንድ ነው፣ ዳሌያቸው እኩል ጠባብ ነው። ስለ ልጆች ደህንነት ብንጨነቅ ሁለቱም እኩል ባስደነገጡን ነበር።

በስልጠና አዳራሾች ስለ «ያልተፈለገ እርግዝና» ስንወያይ በዓይነ ሕሊናችን የምናየው ሁለተኛዋን ነው፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ለብሳ፣ ከወንድ ጓደኛ ጋር ስታወራ። መፍትሔ የምንለውም ለእሷ የሚሆን ምክር ነው፤ ራስሽን ጠብቂ፣ እምቢ በይ። ካገባች ልጅ ፊት ይህ ምክር ምን ትርጉም አለው? እምቢ የምትለው ለማን ነው? በሽማግሌ ተጠይቃ፣ ጥሎሽ ተቀብለው የሰጧት አባቷ ናቸው። እዚህ አገር በልጅነታቸው ከሚወልዱት አብዛኞቹ ባለ ትዳር ናቸው። ውይይታችን ግን ስለ ጥቂቶቹ ሆኖ ቀርቷል።

ሕጋችንም ከዚህ ነጻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ያስቀመጠው ዐሥራ አምስትን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ዐሥራ ስምንት አደረገው፤ ትልቅ እርምጃ ነው፣ ብዙ ሴቶች ደክመውበታል። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ግን አንብቡ። ዕድሜዋ ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ስምንት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 626 ከሦስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ያችኑ ልጅ ያገባ ግን በአንቀጽ 648 ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ነው። ለአንዱ መነሻ የሆነው ለሌላው ጣሪያ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድንኳን ተጥሎ ጠላ መጠመቁ ነው። ለልጅቷ ሰውነት ይህ ምን ለውጥ ያመጣል?

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ልጅ ሆኖ መውለድ አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ በረጅም ምጥ ፊኛቸው የተቀደደ፣ ሽንት የማይቋጥሩ፣ ባል የፈታቸውና ሰው የሸሻቸው ሴቶች አገኙ፤ በኋላም የፊስቱላ ሆስፒታሉን የመሠረቱት ለእነሱ ነው። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው የተዳሩ ነበሩ። የእናቴ እናት በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ በዐሥራ አምስት የመጀመሪያ ልጇን ቀብራለች። «አያቶቻችን በዐሥራ አራት ወልደው ምን ሆኑ?» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። አያቴ ስለ ቀበረችው ልጅ አውርታን አታውቅም ነበር። በእርጅናዋ ዘመን አንድ ቀን ግን ስለ ሰርጓ ማታ ስትነግረኝ፣ በአዝማድ ጀርባ ተሸክመው ሲወስዷት እንቅልፍ ወስዷት እንደነበር፣ ስትነቃ የማታውቀው ጣሪያ እንዳየች ነገረችኝ። ያንን ጣሪያ ሰባ ዓመት አልረሳችውም። ወሊዷ ቢዘገይላት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጣሪያው ግን እዚያው ነበር።

ለዚህ ነው የመርፌውን ጥቅም አምኜ፣ መርፌውን እንደ ድል የሚቆጥረውን ሪፖርት የምቃወመው። ያችን ልጅ መርፌው ከፊስቱላ ሊያድናት ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ባትወጋት ኖሮ ይበልጥ በበደለቻት ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓይነት የቁጥር መውረድ አለ። አንደኛው ልጅቷ ትምህርት ቤት ስለቆየች የሚመጣ ነው። ሌላው ልጅቷ ሚስት ሆና ሳለ ሆዷ ባዶ እንዲቆይ ስለተደረገ የሚመጣ ነው። መለኪያው ሁለቱን አይለያቸውም። ሁለቱም ገበታ ላይ አንድ ዓይነት ወደ ታች የሚወርድ መስመር ናቸው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ቁም ነገር ያለው መልስ አላቸው። ወሊድ ይቆጠራል፣ ይላሉ፤ ጋብቻ ይደበቃል። ሕፃን መወለዱን ማንም አይሰውርም፤ ሰርግን ግን «ክርስትና ነው»፣ «ማኅበር ነው» ብለው ሊደግሱት ይችላሉ። ስለዚህ የሚቆጠረውን እንቁጠር። በዚህ ክርክር ውስጥ ያለውን ችግር አውቃለሁ፤ መረጃ የመሰብሰብን ድካም አልንቅም። ግን የጋብቻ ዕድሜ በዚያው ጥናት፣ በዚያው መጠይቅ፣ በዚያችው ሴት ፊት ይጠየቃል። ቁጥሩ አለ። በሪፖርቱ ፊት ገጽ የምናስቀምጠው የቱን ነው የሚለው የእኛ ምርጫ ነው። የባልየውስ ዕድሜ? ወንዶችም ይጠየቃሉ፤ በዚያ ጥናት የወንዶች የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ አማካዩ ወደ ሃያ አራት ዓመት ነው። ሕፃን ያገቡ ጎልማሶችን ብዛት የሚያሳይ ገበታ ግን በየትኛውም የልጆች ደህንነት ሪፖርት ላይ አይቼ አላውቅም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ቦታ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለች ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ያላገቡ ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰቡ፣ ደብተርና እርሳስ ይሰጣቸው፣ ወላጆቻቸው ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለት ዓመት ካቆዩ በአደባባይ በግ ወይም ፍየል ይሸለሙ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። የገባኝ ግን የአደባባዩ ነገር ነው፤ ልጁን ያልዳረ አባት ከዚያ በፊት «ቆማ ቀረችበት» ተብሎ የሚታማ ነበር፣ አሁን ሕዝብ ፊት ቆሞ በግ እየሳበ ወደ ቤቱ ገባ። ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ በዚያች ቀበሌ እጅግ ቀነሰ። ከዚያ ከፍ ያሉት፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ያሉት ግን መዳራቸው አልቀረም። ይህን ማወቅ የቻልነውም የፕሮግራሙ ሰዎች ጋብቻውን ራሱን ስለለኩ ነው። ወሊድን ብቻ ቢለኩ ኖሮ የትኛው በር እንደተዘጋና የትኛው እንደተከፈተ አይታያቸውም ነበር።

ዛሬ ይህ ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቀሰቀሰው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሴት ልጅ ቤት ትውላለች፤ ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ትታያለች፣ ትጠየቃለች፣ በመንገዱ አስፈሪነትም ምክንያት «ከመደፈሯ በፊት ክብሯ ይጠበቅ» ተብላ ትሰጣለች። እንዲህ ያለ አባት ልጁን እየጎዳ እንደሆነ አይታየውም፤ እየጠበቃት ይመስለዋል። የነዚህን ልጆች ነገር ከወሊድ ቁጥር እናውቀዋለን ብለን ከጠበቅን የምንደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ መርፌው እየተዳረሰ ከሆነም ጨርሶ ላንደርስ እንችላለን።

ወደዚያ ጤና ኬላ ከአምስት ወር በኋላ ተመልሼ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስለ ልጅቷ ጠየቅኋት። የቤተሰብ ማኅደሮቹን ከመደርደሪያው አውርዳ ፈለገችና ካርዱን አገኘችው። ለቀጠሮዋ አልመጣችም። «ከተማ ገባች ይላሉ፤ ሰው ቤት ነው መሰለኝ፤ ባልየው ሌላ ሊያገባ ነው» አለችኝ። ካርዱን አሳየችኝ። ዕድሜ በሚለው ቦታ ዐሥራ ስምንት ይላል። ከታች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ በሚለው ፊት ለፊት፣ በእርሳስ «ያቋረጠች» ተብሎ ተጽፏል።